ፍየሏ አለች

ይህ የሆነው በእኛ ከተማ ነው። ስሟን ብነግራችሁ የሚጨምርላችሁ ነገር ስለሌለ አልነግራችሁም። ወንዝ የላትም፤ የምንጠጣው ከጉድጓድ ነው። ገበያ አላት፣ ትምህርት ቤት አላት፣ የመቃብር ቦታም አላት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የንድፍ ቤት አላት። ላወራችሁ የፈለግሁት የጎረቤቴን የእቴነሽን ነገር ነው፤ ግን ያለ ንድፍ ቤቱ አይገባችሁምና ከእሱ ልጀምር።

ሹማምንታችን ከተማዋን ማስተዳደር ያቃታቸው ስለማያውቋት መሆኑን አንድ ቀን ደረሱበት። እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ወጥተው እንደ መጠየቅ ግን ሊቀ ነዳፊ አምኃ የሚባል ሰው ከሩቅ አስመጡ። አምኃ ድምፁ ለስላሳ፣ ኮሌታው ንጹሕ፣ በሰው ላይ ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። የንድፍ ቤቱን ትልቅ ግድግዳ ነጭ አስቀባና ከተማዋን በከሰል ይነድፍ ጀመር። ሰዎቿን አይደለም፤ ዓይነቶቿን። «ሰው ብዛቱ ያደናግራል» አለን፤ «ዓይነት ግን ጥቂት ነው።»

ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ሣጥን ተሳለ። ሣጥኑ ሦስት ክፍል አለው፦ ከላይ የዓይነቱ ስም፣ ከመሃል ያለው ንብረት፣ ከታች የሚሠራው ሥራ። እዚያ ያልተጻፈ ሥራ መሥራት አይቻልም። ከዚያ በሣጥኖቹ መሃል መስመር ተሰመረ። መስመር ያገናኛቸው ይነጋገራሉ፣ ዕቃ ይቀባበላሉ፤ መስመር የሌላቸው አይተዋወቁም። የሚመሳሰሉትን ደግሞ በአንድ አባት ሣጥን ሥር አስገቧቸው፤ የአባት የሆነው ሁሉ ለልጅ ይወርዳል። ኩሊና አህያ ሁለቱም ስለሚሸከሙ «ተሸካሚ» በሚል አባት ሥር ገቡ። በተሸካሚ ሣጥን ውስጥ «ገለባ ይበላል» ተብሎ ስለነበር ለኩሊዎቻችን በየማለዳው ገለባ ይታደላቸው ጀመር። ዳቦ ጋጋሪና የእሳት አደጋ ሠራተኛ «ባለ እሳት» ተባሉ፤ የባለ እሳት የመጀመሪያ ሥራው መለኮስ ነው። ስለዚህ የእሳት አደጋ ሰዎች የሚነድ ቤት ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ ይለኩሳሉ፣ ከዚያ ያጠፋሉ። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ሲጮህ «ከአባት ሣጥናችን ወርሰነው ነው» ይሉታል።

በዚህ ሁሉ እንስቅ ነበር። ያላሳቀን ዓይኑ ነው።

አንድ ነገር የሌላው አካል ሲሆን በመስመሩ ጫፍ ላይ እንደ ዓይን ያለ ምልክት ይሳላል። ዓይኑ ነጭ ከሆነ ባለቤቱ ቢጠፋም ያ ነገር ለብቻው ይኖራል፤ ወደ ሌላ ባለቤትም መሄድ ይችላል። ዓይኑ ጥቁር ከሆነ ግን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ግድግዳና ምሰሶ ለመሳሰለው ነገር ክፉ ሐሳብ አይደለም።

እቴነሽ ወጌሻ ናት። የተሰበረ እጅ፣ የወለቀ ትከሻ ይዞ ወደ እሷ ያልሄደ ሰው በሰፈራችን አታገኙም። ባሏ ደምስ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር፤ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሳቁ ከደጅ የሚሰማ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ትንግርት የምትባል፤ ያኔ የፊት ጥርሷ ወልቆ ገና አልበቀለም። አንዲት ፍየልም ነበረቻቸው።

ነዳፊዎቹ «ቤት» የሚለውን ዓይነት ለመሳል አንድ ቤት መርጠው መጠየቅ ነበረባቸው፤ የመረጡት የእነ እቴነሽን ነው። አንድ ነዳፊ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ደምስን ጠየቀው።

«ሚስትህ ካንተ ቤት ተለይታ ትኖራለች?»

«ኧረ ምን በወጣት!» አለ ደምስ እየሳቀ።

«ልጅህስ?»

«እሷማ ከጉልበቴ ላይ መች ትወርዳለች።»

«ፍየሏስ?»

«ፍየሏን እንኳ የባሰ ቀን ከመጣ እሸጣታለሁ።»

ነዳፊው ለሚስትና ለልጅ ጥቁር ዓይን፣ ለፍየል ነጭ ዓይን ሳለ። በሚስት ሣጥን ታችኛው ክፍል ውስጥም «ታበስላለች፣ ትወልዳለች፣ ታለቅሳለች» ብሎ ጻፈ። እቴነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችና «ወንድሜ፣ የምጠግነው ስብራትስ?» አለችው። «እሱ በሐኪም ሣጥን ውስጥ አለ» አላትና ሄደ። አንድ ሰው ስለ ሚስቱ በፍቅር የተናገረው ቃል በማግሥቱ የከተማው ቤት ሁሉ ሕግ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ባለው በጋ ውሃ አጠረና ሹማምንቱ ከገበያው በላይ አዲስ ጉድጓድ እንዲቆፈር አዘዙ። አፈሩ ልል ነበር፤ ደምስ ገና በደረቱ ልክ እንደወረደ ነው የጠረጠረው። አናጺው ጌታነህ የጉድጓዱን ግድግዳ የሚደግፍ እንጨት ቆርጦ አዘጋጀ። ግን በግድግዳው ላይ ከአናጺ ወደ ጉድጓድ ቆፋሪ የሚሄድ መስመር አልነበረም፤ የአናጺ መስመር የሚሄደው ወደ ቤት ሠሪ ብቻ ነው። ጌታነህ ንድፍ ቤት ሄዶ ለመነ። «ሐሳብህ ጥሩ ነው» አሉት፤ «በሚቀጥለው ንድፍ እናየዋለን።» ሹማምንቱ ደግሞ ቁፋሮው ይቀጥል አሉ። ጌታነህ እንጨቱን ጉድጓዱ አጠገብ ከምሮ ቆመ። የሹማምንቱ ዘበኞች በእንጨቱና በጉድጓዱ መሃል ቆሙ። ደምስ ከታች ሆኖ «ጌታነህ፣ አይዞህ፣ ቀስ ብዬ ነው የምቆፍረው» ይለው ነበር። ግድግዳው የተናደው ሁለቱ ይህን ሲነጋገሩ ነው፤ መነጋገራቸውም ያለ ፈቃድ ነበር።

አስከሬኑን ያወጡት ጎረቤቶች ናቸው። እቴነሽ የባሏን ፊት በራሷ እጅ አጠበች። እንደ ደንቡ አለቀሰች፤ ይህ እንኳ ተፈቅዶላታል። ወደ መቃብር ቦታው ስንደርስ ግን የተቆፈረው ጉድጓድ ሦስት ነበር። አንድ ትልቅ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ትንሽ።

የመቃብር ቆፋሪዎቹ አለቃ ጋሽ ይርዳው ቆቡን አውልቆ ወደ እቴነሽ ቀረበ። ደግ ሽማግሌ ነው።

«ልጄ» አላት፤ «እኔ ምን ላድርግ፣ ሦስት ተብያለሁ።»

«የማን ነው ጋሼ?»

«መካከለኛው ያንቺ ነው። ትንሹ የልጅቷ። አባወራው ሲጠፋ ቤቱ አብሮ ይጠፋል ይላል ግድግዳው። እንግዲህ ከመሸ በኋላ ከምንቸገር...» አለና ወደ መሬት አየ።

እቴነሽ ከእጁ አካፋውን ወሰደች። ለመማታት መስሎን ነበር። እሷ ግን በባሏ ላይ የመጀመሪያውን አፈር ጨመረች፣ ደግማ ጨመረች፣ እስኪሞላ ድረስ ለማንም አልሰጠችም። ከዚያ አካፋውን መለሰችለትና ልጇን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለቱ ጉድጓዶች እንደ ተከፈቱ ቀሩ፤ ያለ ሟች መቃብር መድፈን በማንም ሣጥን ውስጥ አልተጻፈም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቴነሽና ትንግርት የሉም። ይህን የምለው በምሳሌ አይደለም። ውሃ ጠባቂው ጄሪካኗን ዘርግታ ስትቆም ከኋላዋ ያለውን ሰው «ቀጥል» ይለዋል። ዱቄት ሻጩ በእሷ በኩል አሻግሮ ያያል። መምህሩ ስም ሲጠራ ትንግርት ጋ ሲደርስ ያልፋታል፤ እጇን ብታወጣም ያልፋታል። ፍየሏን ግን ውሃ ጠባቂው በደንብ ያውቃታል። ነጭ ዓይን አላትና ገንዳው ላይ ድርሻዋን ይቀዳላታል። ስለዚህ እቴነሽ በየጠዋቱ ፍየሏን እየጎተተች ትሄድና ከገንዳው በቅል ትጨልፍ ነበር። አንድ ልጅና አንዲት እናት በፍየል ስም ውሃ ጠጡ። እኛም ጎረቤቶቿ ጄሪካን ይዘን ስናልፍ አጥሯ ሥር እየረሳን እንሄዳለን። ጎረቤት የሚባል ዓይነት ግድግዳው ላይ አልተነደፈም፤ ስለዚህ ከመርሳት ሌላ የምናደርገው አልነበረንም።

ከዚያ ፍየሏን ሊወስዱ መጡ።

«ባለቤት የሌላት ፍየል ናት» አለ የመጣው ሰው፣ ገመዱን እየፈታ። «ሌላ ቤት ተመድቦላታል።»

«ባለቤቷ እኔ ነኝ» አለች እቴነሽ።

ሰውየው አልመለሰላትም። ለነገሩ ለማን ይመልሳል? ፍየሏ በሩ ላይ ስትደርስ እንቢ ብላ እግሯን ተከለች፤ ሰውየው «ነይ እንጂ እመቤት» ብሎ አባበላት። እቴነሽ ይህን ሰማች። በኋላ እንደነገረችኝ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሐዘን ብቻ ነበር ውስጧ ያለው፤ ቁጣው የገባው በዚያች ቃል ነው።

በማግሥቱ ትንግርት ጠፋች።

እቴነሽ ትምህርት ቤት ሮጠች፤ መምህሩ ወደ ሰማይ አየ። ገበያውን ዞረች፣ አዲሱን ጉድጓድ አፉ ላይ ተንበርክካ አየች። እኛም መስመሩን ረስተን እየተጣራን ወጣን። መጨረሻ ላይ እናቷ ናት ያገኘቻት፤ መቃብር ቦታው ውስጥ፣ በትንሹ ጉድጓድ ውስጥ። ተኝታለች። እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ ጠርዙ ላይ አስቀምጣ፣ ሰማዩን እያየች ተኝታለች። ከንፈሯ በጥማት ተሰነጣጥቋል።

«ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?» አለች እቴነሽ።

«ልጆቹ ቦታሽ እዚያ ነው አሉኝ» አለች ትንግርት። «መምህሩም አልተቆጣቸውም። እማዬ፣ አንቺም ነይ፣ ያንቺ እዚህ አጠገቤ ነው።»

እቴነሽ ወረደችና አቀፈቻት። አውጥታ ሣሩ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ በጉልበቷ ተንበርክካ በባዶ እጇ አፈሩን ወደ ትንሹ ጉድጓድ ትገፋ ጀመር። ጋሽ ይርዳው ከሩቅ አይቶ አካፋውን ይዞ መጣ፤ መካከለኛውን እሱ ደፈነ። ትእዛዝ ሳይጠብቅ ሥራ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እቴነሽ ልጇን አዝላ፣ አፈር እንደሆነች፣ በቀጥታ ወደ ንድፍ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ አላስቆማትም፤ የሌለ ሰው ማስቆም በሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። እኛም ከኋላዋ ተከተልን።

አዳራሹ ውስጥ አምኃና ነዳፊዎቹ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ሣጥንና መስመር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያምራል። እቴነሽ ልጇን አውርዳ ጠረጴዛቸው ላይ፣ በሻይ ብርጭቆዎቹ መሃል አስቀመጠቻት።

«ይህችን ልጅ አሁን ከመቃብር ነው ያወጣኋት» አለች። «ዓይኑን ቀይሩ።»

አምኃ ብድግ አለ። እሱ እንኳ ሰው ሲናገረው ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ጨዋ ነው።

«እመቤቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል» አለ። «ግን ንድፉ ስህተት የለበትም። የጠየቅነው የእርስዎኑ ቤት ነው። ቤት ያለ አባወራ አይቆምም፣ እርስዎ ያለ ቤት አይቆሙም። ሌላ አባወራ ቢያገኙ በዚያው ቅጽበት እንደ አዲስ ይኖራሉ።»

«ፍየሏስ?»

«ፍየሏ አለች።»

«ፍየሏ አለች፣ እኔ የለሁም?»

«ፍየሏ በራሷ ትቆማለች» አለ አምኃ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ለስለስ ብሎ። «አንድ ዓይን ብቀይር ደግሞ ሁሉም መስመር የተያያዘ ስለሆነ ከተማው ሁሉ ይናጋል። የአንድ ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ...»

«የአንድ ሰው ጉዳይ ነው!» አለች እቴነሽ። «ይህ ሁሉ ግድግዳ፣ አንድ የሰው ስም አለበት? አሳዩኝ። ልጄን ስሟን ማን ብሎ ጠየቃት?»

ልጅቷ የተጠየቀች መስሏት «ትንግርት» አለች፣ የፊት ጥርስ በሌለው ድድዋ። ከነዳፊዎቹ አንዱ፣ ያ በራቸው ላይ ቆሞ የጠየቀው፣ ብርጭቆውን በዝግታ ወደ እሷ ገፋላት። ልጅቷ ሻዩን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣችው።

እቴነሽ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየች። «እናንተስ የት ናችሁ?» አለች።

«ምን አሉ?»

«የናንተ ሣጥን። ነዳፊ የሚል የታለ?»

አምኃ ዞሮ ፈለገ። ሌሎቹም ተነሥተው ፈለጉ። ሹም አለ፣ ዘበኛ አለ፣ ፍየል አለች፣ ምንቸት ሳይቀር አለ። ነዳፊ የለም። ከበሩ ላይ ሆኖ የሚያዳምጠው ውሃ ጠባቂ ጮክ ብሎ «እንግዲያው እስከ ዛሬ ለንድፍ ቤት ብዬ ስቀዳ የኖርሁት ለማን ነው?» አለ። ሌላ ክፋት አስቦ አይደለም፤ ሰውየው ሕግ አክባሪ ነው።

የአምኃ ፊት ሲለወጥ ያየነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከሰሉን አንሥቶ መሰላል ላይ ወጣና ከሹማምንት ሣጥን በላይ ባለው ባዶ ቦታ ላይ «ነዳፊ» ብሎ ሣጥን ሳለ፤ ከእሱም ወደ ውሃ፣ ወደ ዳቦ፣ ወደ ሁሉም መስመር አወረደ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ። ከተማውም አልተናጋም።

እቴነሽ እስኪወርድ ጠበቀችው። «ይህን ያህል ቀላል ነው እንዴ?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ባሌ ለሞተበት መስመር የሚቀጥለውን ንድፍ ጠብቁ አላችሁ። ለልጄ ከተማው ይናጋል አላችሁ። ለራሳችሁ ሲሆን ግን እጃችሁን ዘረጋችሁ፣ አለቀ።»

ወደ ግድግዳው ሄደች። ሚስት የሚለውን ሣጥን ፈልጋ አገኘች፤ ማንበብ ታውቃለች። አፈር የያዘ መዳፏን በጥቁሩ ዓይን ላይ አድርጋ ፈተገችው። ከልጅ ላይ ያለውንም ፈተገችው። ከዚያ ልጇን አዝላ በመሃላችን አልፋ ወጣች።

ዘበኞቹ ይያዟት አይያዟት ተከራከሩ። ግድግዳውን ያበላሸው ማነው? የለችም የተባለች ሴት ናት። የሌለችን ሴት ማሰር ደግሞ መኖሯን ማመን ነው። ስለዚህ ጥፋቱን የፈጸመ ሰው አልተገኘም ተባለ። ነዳፊዎቹ ግን ስብሰባ ተቀመጡ፤ ዓይኑን መልሰው ጥቁር ቢያደርጉት የአፈሩ እድፍ በከሰሉ ሥር ጎልቶ ይታያል። ነጭ ቀለም ቢቀቡት ይሸፈናል። ለግድግዳው ውበት ሲሉ ነጩን መረጡ።

ይህም ለሕዝብ በአደባባይ እንዲነገር ተወሰነ። በበዓል ልብስ ተሰበሰብን፤ መድረክ ተሠራ፣ እቴነሽም ምስጋና እንድታቀርብ ተጠራች። አምኃ በለስላሳ ድምፁ አነበበ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ባሏ የሞተባት ሴትና አባቱ የሞተበት ልጅ ከፍየል ጋር እኩል እንዲሆኑ በቸርነት ተፈቅዷል።»

ሹማምንቱ አጨበጨቡ። ከእኛም ያጨበጨቡ አሉ።

እቴነሽ መድረኩ ላይ ወጣች። ትንግርት ቀሚሷን ይዛ ከጎኗ ቆማለች።

«ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ የልጄን ፀጉር ሠርቼ ነው የመጣሁት» አለች። «ትናንትም ሠርቻለሁ። የለሽም ባላችሁኝ ዕለትም ሠርቻለሁ። ስለዚህ የሰጣችሁኝ ነገር የለም። የወሰዳችሁትን ግን እነግራችኋለሁ። ደምስን የገደለው አፈር አይደለም። እንጨቱ እዚያው ነበር። የቆረጠው ሰው እዚያው ነበር፤ ልስጠው ብሎ ለምኗችኋል። ሰው ለሰው እጁን እንዳይዘረጋ ዘበኛ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን የሠራ ሰው ይጠየቃል እንጂ አይመሰገንም። አላመሰግናችሁም።»

ሹማምንቱ ወደ አምኃ አዩ፣ አምኃ ወደ ወረቀቱ አየ። በሕዝቡ መሃል ግን አንድ ሰው ይንቀሳቀስ ነበር፤ አናጺው ጌታነህ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ፊቷን ለማየት አፍሮ በሌላ መንገድ ሲሄድ የከረመ ሰው ነው። ሰዉን እየገፋ መጣና መድረኩ ላይ ወጥቶ ከጎኗ ቆመ። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ትንግርት ቀና ብላ አየችውና እጁን ያዘችው። ቀጥሎ ጋሽ ይርዳው ወጣ። ቀጥሎ የኩሊዎቹ አለቃ። ውሃ ጠባቂው ጥቂት አመነታ፣ ከዚያ እሱም ወጣ። እኔም ወጣሁ። መድረኩ ለጥቂት ሹማምንት የተሠራ ስለነበር ይንቋቋ ጀመር።

አምኃ ከመሃላችን ተገፍቶ ጥግ ላይ ቆመ። ከኪሱ ከሰልና ብጣሽ ወረቀት አወጣ፤ ሥራው ነውና ሊነድፈን ፈለገ። አናጺውን አየ፣ ወጌሻዋን አየ፣ መቃብር ቆፋሪውን አየ።

«ይቅርታ» አለ፤ «ይህ ምን ዓይነት መስመር ነው?»

የዞረለት ሰው አልነበረም።